የእማዬ ካርድ፦ ሲኒየር ፓስ በአራት የበረሃ ግዛቶች መንገድ ላይ

ዕድሜያቸው 62 የሞላ፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው እናት ወይም አባት አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ ሲኒየር ፓስ የሚባለውን ካርድ ግዙላቸው። ዋጋው 80 ዶላር ነው፤ አንዴ ከተከፈለ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። 80ውን ባንድ ጊዜ ማውጣት ለከበደው የአንድ ዓመቱ በ20 ዶላር ይሸጣል፤ አራት የአንድ ዓመት ካርዶች ያጠራቀመ ሰው አስረክቧቸው የዕድሜ ልኩን ይወስዳል። በመላው አሜሪካ ከ2,000 በላይ በሆኑ የፌዴራል ፓርኮችና መዝናኛ ቦታዎች ያስገባል። መግቢያው በመኪና በሚታሰብበት በር ደግሞ ባለካርዱን ብቻ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ያለውን ቤተሰብ በሙሉ ነው የሚያስገባው።

የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። እዚህ ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ ከኤርፖርት እስከ ስትሪፕ፣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ሲረዝም ደግሞ ዘመድ ለመጠየቅ በአይ-15 እስከ ሎስ አንጀለስ ያለውን ነው። ዙሪያችንን የከበበውን በረሃ በመስኮት እናየዋለን እንጂ አንወርድበትም። ጊዜ የለም፣ ገንዘቡም ያሳስባል። የፓርኮቹ መግቢያ በመኪና፦ ዛየን 35 ዶላር፣ ግራንድ ካንየን 35፣ ፔትሪፋይድ ፎረስት 25፣ ሳዋሮ 25፣ ኋይት ሳንድስ 25። ነዳጁ፣ ሞቴሉና የልጆቹ ምግብ ሲጨመርበት ሰው «ይቅርብን» ቢል አይፈረድበትም። ቢገባ እንኳ ለግማሽ ሰዓት ብሎ 25 ዶላር መክፈል ያንገበግበዋል። ካርዱ መጀመሪያ የሚያነሣላችሁ ይህን ሐሳብ ነው። ግማሽ ሰዓትም ቆዩ፣ በማግስቱ ተመልሳችሁም ግቡ፣ የሚጠይቃችሁ የለም።

እኔን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። እናቴ ደጀን ላይ ቤት አስተዳድራ፣ ልጆች አሳድጋ፣ ጎረቤት አስታርቃ የኖረች ሴት ናት። አሜሪካ ከመጣች ወዲህ የሰው እጅ ጠባቂ ሆነች። መኪና አትነዳም፤ እንግሊዝኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ሐኪም ጋ እኔ አደርሳታለሁ፣ ባንክ ባለቤቴ ትሄድላታለች፣ ስልኩን ልጆቹ ይከፍቱላታል። «ሸክም ሆንኩባችሁ» የምትለው ነገር ሁልጊዜ ያመኛል። በዚህ ጉዞ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። በሩ የሚከፈተው በእሷ ነበር። ካርዱ ያለ እሷ አይሠራም፤ ባለቤቱ ራሱ መኪናው ውስጥ መኖርና መታወቂያውን ማሳየት አለበት። እኔ ሹፌር፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች ደግሞ እንግዶቿ ሆንን።

የገዛነው ከቤታችን ብዙም በማይርቀው በሌክ ሚድ መግቢያ ነው። ወረፋው አጭር ነበር። ሠራተኛዋ ግሪን ካርዷን አየች፣ የልደት ዘመኗን ተመለከተች፣ ክፍያውን ተቀበለች፣ ከዚያ ብዕር አቀበለቻት። ካርዱ ጀርባ ላይ መፈረም ግዴታ ነው። እማዬ መነጽሯን አውጥታ፣ ካርዱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ስሟን በፊደል ጻፈች። ከኋላችን መኪና ቢሰለፍም ሠራተኛዋ አላጣደፈቻትም። ፌርማታ በሌለው ኑሯችን ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አይረሳም። በኢንተርኔትም መግዛት ይቻላል፤ እንዲያ ከሆነ ግን የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፣ በፖስታ እስኪመጣም መጠበቅ አለ። በሩ ላይ መግዛቱ ይሻላል። ብዙ ፓርኮች ጥሬ ገንዘብ መቀበል ስላቆሙ የባንክ ካርድ ያዙ።

ጉዞውን ያደረግነው የልጆቹ ትምህርት ቤት ለጸደይ ሲዘጋ፣ ሁዳዴ ውስጥ ነው። ጾሙ ችግር ይሆንብናል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ አልሆነም። ባለቤቴ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ሽሮ ጭና ነበር። ሁሉም ፓርክ ማለት ይቻላል ጠረጴዛ ያለው የሽርሽር ቦታ አለው። በትንሿ ቡታጋዝ ሽሮ ይንተከተካል፣ ድርቆሹ ይፈረፈራል። በረሃ ላይ በሶን የሚያህል ምግብ የለም፤ ሙቀት አያበላሸውም፣ ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ውኃውን ደግሞ ብዙዎቹ የፓርክ ቪዚተር ሴንተሮች በነፃ ያስቀዱላችኋል። ባዶ ጄሪካን ይዛችሁ ሂዱ፤ በየነዳጅ ማደያው የታሸገ ውኃ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ኒው ሜክሲኮ ስትደርሱ ባቄላውን አይታችሁ ጾም ነው ብላችሁ አትዘዙ፤ ብዙ ቤት በአሳማ ስብ ነው የሚያበስሉት፣ ጠይቁ። አረንጓዴው ቃሪያቸው ግን ሚጥሚጣ ለለመደ አፍ ትልቅ ደስታ ነው።

ካርዱ የማይሠራበትን ገና በመጀመሪያው ቀን አየን። ቫሊ ኦፍ ፋየር የኔቫዳ ግዛት ፓርክ ነው፤ የፌዴራል ስላልሆነ ሲኒየር ፓስን አያውቀውም። የኔቫዳ ታርጋ ላለው መኪና 10 ዶላር፣ ለሌላ ግዛት 15 ዶላር ያስከፍላሉ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ፓርክ የሆነ፣ እሳት የመሰለ ቀይ ድንጋይ ያለበት ቦታ ስለሆነ ከፍላችሁ ብትገቡ አትቆጩም። በጣም የሚመሳሰል ስም ያለው ሌላ ቦታ ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ካሪዞዞ አጠገብ አለ፤ ቫሊ ኦፍ ፋየርስ ይባላል፣ የፌዴራል መሬት ነው፣ እዚያ ካርዱ ይሠራል። ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ ግዛቱን አይታችሁ ምረጡ።

ዛየን ላይ ለአረጋዊ የሚመች አሠራር አገኘን። የሸለቆው ዋና መንገድ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ለግል መኪና ዝግ ነው፤ ሰውን የሚያመላልሰው ነፃ አውቶቡስ ነው። የእማዬ ጉልበት ብዙ አያስኬዳትም። አውቶቡሱ እየቆመ፣ እሷ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ደስ ያላት ፌርማታ ላይ ወርዳ አግዳሚ ወንበር ላይ እያረፈች ሸለቆውን እስከ ጫፍ አየችው። ልጆቹ ኤንጀልስ ላንዲንግ የሚባለውን ገደል መውጣት አምሯቸው ነበር። ከ2022 ወዲህ እዚያ ለመውጣት በዕጣ የሚገኝ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሲኒየር ፓስም ያንን አይተካም። ካርዱ መግቢያ ነው፤ ፈቃድ፣ አስጎብኚ፣ ቀጠሮ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ለብቻው ነው። ካምፕ ለሚያድሩ ግን በብዙ የፌዴራል ካምፖች ግማሽ ዋጋ ይቀንሳል፤ ድንኳን ለሚወድ ቤተሰብ 80 ዶላሩን ቶሎ ይመልሳል።

አሪዞና ውስጥ ፔጅ ከተማ ላይ ሆርስሹ ቤንድን (የኮሎራዶ ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ የሚጠመዘዝበትን ገደል) ለማየት ለመኪና ማቆሚያው 10 ዶላር ከፈልን። ማቆሚያው የከተማው ስለሆነ ካርዱን አይቀበሉም። አንቴሎፕ ካንየንን ተውነው፤ ናቫሆ የሚባሉት የጥንቱ የአገሬው ሕዝብ መሬት ነው፣ ያለ አስጎብኚ አይገባም፣ ለአምስት ሰው ዋጋው ከበደን።

ሞኑመንት ቫሊ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህን ፓርክ የሚያስተዳድረው የናቫሆ ሕዝብ ነው። ከ1958 ጀምሮ የጎሣው ፓርክ ነው፤ ክፍያውም ለሰው 8 ዶላር ነው፣ የዋሽንግተን ካርድ እዚያ አይሠራም። አንዳንድ ጎብኚዎች በሩ ላይ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። እማዬ ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «መሬቱ የማን ነው?» አለች። «የእነሱ የጥንቱ ሰዎች» አልኳት። «ታዲያ ባለርስቱ ካላስከፈለ ማን ያስከፍል!» አለችና ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ገንዘብ ልትሰጠኝ አወጣች። ልክ ናት። ይህን የካርዱ ጉድለት አድርጌ አልቆጥረውም። ከውስጥ ያለው መንገድ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ የአፈር መንገድ ነው፤ ዝቅ ያለች መኪና ያለው ቀስ ይበል። መንገድ ዳር የብርና የጨሌ ጌጥ የሚሸጡ እናቶች አሉ። በግ የሚጠብቅ ሰው ስታይ እማዬ መኪናውን አስቁማኝ በጎቹን ቆጠረች። በዚያ ሁሉ መንገድ «እንደ እኛ ነው» ብላ የተናገረችው ያኔ ብቻ ነው።

ስለ ሰዓት አስጠንቅቃችኋለሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። አሪዞና በበጋ ሰዓት አትቀይርም፤ አሪዞና ውስጥ ያለው የናቫሆ ግዛት ግን ይቀይራል። ዩታና ኒው ሜክሲኮም ይቀይራሉ። በፈረንጆቹ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ፔጅ አካባቢ ስልክ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ አንድ ሰዓት ወደኋላ ሲል ይውላል። በሰዓት የሚዘጋ ፓርክ የምትሄዱ ከሆነ በስልኩ አትመኑ፤ ፓርኩ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ አስቀድማችሁ እዩ። እማዬ የእጅ ሰዓቷን በሐበሻ አቆጣጠር እንደሞላች ስለነበር ምንም አልነካትም።

ግራንድ ካንየን የገባነው በምሥራቁ በር፣ በዴዘርት ቪው በኩል ነው። ከናቫሆ አገር በካሜሮን ለሚመጣ ቅርቡ ይህ ነው፤ ከዋናው የደቡብ በር ይልቅ ወረፋውም ይቀላል። እዚያ በ1932 የተሠራ የድንጋይ ማማ አለ፤ ንድፉን ያወጣችው ሜሪ ኮልተር የምትባል ሴት ናት። ከማማው ሥር ቆሞ ወንዙን ማየት ይቻላል፤ ከብዙዎቹ ሌሎች ማያዎች የኮሎራዶ ወንዝ በደንብ አይታይም።

እማዬ ዐባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተወለደች ሴት ናት። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን የሚወጣውን ጠመዝማዛ በአሮጌው ድልድይ ዘመንም፣ በፈረንጆቹ 2008 አዲሱ ከተከፈተ በኋላም ተመላልሳበታለች። ስለዚህ ገደል ብርቅ አይደለም ለእሷ፤ ምን እንደምትል ለመስማት ጓጉቼ ነበር። አጥሩን ይዛ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየች።

«የቆፈረው ወንዝ የታለ?»

«ያውልሽ፣ እዚያ ታች።»

«እሷ ናት? ዐባይማ ሲሞላ ድምፁ ይሰማል።» ቀጥላም «ጭስ አላይም። እርሻም የለ። ሰው አይኖርበትም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ከሰማሁት የአስጎብኚ ንግግር ሁሉ ይበልጥብኛል። ዐባይ በረሃ ውስጥ ማሽላ ይዘራል፣ ፍየል ይሰማራል፣ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው የጎረቤቱን ጭስ ያያል። እዚህ 1.6 ኪሎ ሜትር የሚጠልቀውን ገደል ሰው ከላይ ሆኖ ፎቶ እያነሣ ነው የሚያየው፤ ከደቡቡ ዳርቻ ወደ ታች የሚወርድ የመኪና መንገድም የለም። ሰው ግን አለ። ሃቫሱፓይ የሚባሉ ሕዝቦች ከፓርኩ ድንበር ውጭ፣ የዚሁ ሸለቆ ቅርንጫፍ በሆነ ገደል ውስጥ ሱፓይ በምትባል መንደር ይኖራሉ፤ መኪና አይደርስባትም፣ ፖስታቸው እስከ ዛሬ በበቅሎ ነው የሚወርደው። ይህን ስነግራት ፊቷ በራ። «በቅሎ ካለማ አገር ነው» አለች። ወደዚያች መንደር ለመውረድ የራሳቸው የሃቫሱፓይ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ካርዱ እንደማይሠራ መቼም ገብቷችኋል።

ደቡቡ ዳርቻ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ በጸደይም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በረሃ ነው ብላችሁ ጋቢ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። የዳርቻው የእግር መንገድ ሰፊው ክፍል የተነጠፈ ነው፤ ነፃ አውቶቡስም አለ። የሰሜኑን ዳርቻ ለማየት የምታስቡ ደግሞ በሐምሌ 2025 በተነሣው ሰደድ እሳት ታሪካዊው ሎጅ መቃጠሉን እወቁ፤ ምን ክፍት እንደሆነ ሳታጣሩ አትነሡ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ስለ ካርዱ ሳይሆን ስለ ሰዎች ነው። በአንዱ በር (የትኛው እንደሆነ መናገር አልፈልግም) የነበረው ሠራተኛ ካርዱን ከእማዬ እጅ በመስኮት ተቀብሎ፣ አይቶ፣ መልሶ ለእኔ ሰጠኝ። ካርታውንም ለእኔ፣ ማብራሪያውንም ለእኔ። ነጠላ የለበሰች፣ ቋንቋው የማይገባት አሮጊት ስለሆነች እንደሌለች ቆጠራት። ካርዱን ወዲያው አቀበልኳት፣ ማብራሪያውንም ቃል በቃል ተረጎምኩላት። በሌሎቹ በሮች ግን ጎንበስ ብለው፣ እሷን በዓይናቸው ፈልገው፣ ለራሷ ሰላምታ ሰጥተው ነው ያሳለፉን። ልዩነቱን እሷም አስተውላለች። ሽማግሌ ይዛችሁ የምትጓዙ ልጆች፣ ካርዱን ራሳቸው ይዘው ራሳቸው እንዲያቀብሉ አድርጉ። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእሷ ትንሽ አልነበረም።

ፔትሪፋይድ ፎረስትን በተመለከተ የመንገድ ምክር ልስጥ። ወደ ምሥራቅ የምትሄዱ ከሆነ ሆልብሩክ ላይ ከአይ-40 ወጥታችሁ በዩኤስ 180 በደቡቡ በር ግቡ። 45 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የፓርክ መንገድ ነድታችሁ በሰሜኑ በር አይ-40 ላይ ትወጣላችሁ፤ አንድም ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ አትመለሱም። ማታ ይዘጋል፤ ከሰዓት በኋላ ረፍዶ መድረስ አይሆንም። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው ግንዶች ድንጋይ ሆነው ሜዳ ላይ ተጋድመዋል፤ ስታዩት እንጨት ይመስላል፣ ስትነኩት ግን የከበረ ድንጋይ ነው። እማዬ እጇን አስቀምጣበት አማተበች። ጠጠር የምታህል እንኳ መውሰድ ክልክል ነው። ሰርቀው የወሰዱ ሰዎች ኅሊናቸው እየወቀሳቸው ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ ሲመልሱ ኖረዋል፤ ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ኪሳቸውን ራሳቸው ፈተሹ። ሩት 66 የሚባለው የድሮው አውራ ጎዳና ያለፈበት ቦታ ላይ የ1932 ስቱድቤከር መኪና ዝጎ ቆሟል፤ ልጆቹ ከድንጋዩ ይልቅ እሱን ወደዱት።

ልጆች ላላችሁ ደግሞ ጁኒየር ሬንጀር የሚባለውን አትለፉት። ቪዚተር ሴንተር ገብታችሁ መጽሐፉን ጠይቁ፤ ጥያቄዎቹን ፓርኩ ውስጥ እያዩ ይሞላሉ፣ ሲጨርሱ ሬንጀሩ (የፓርኩ ጠባቂ) ቀኝ እጃቸውን አስነሥቶ ቃል ያስገባቸውና ባጅ ይሰጣቸዋል። ልጄ ቃሉን ስትገባ እማዬ ተነሥታ ቆመች፤ ቃለ መሐላ መሆኑን ማንም አልነገራትም። አራተኛ ክፍል የሆነ ልጅ ያላችሁ፣ ለዚያ የትምህርት ዓመት ቤተሰቡን በነፃ የሚያስገባ ሌላ ካርድ እንዳለም እወቁ።

ከዚያ በአልበከርኪ ወደ ደቡብ ታጥፈን በዩኤስ 380 ሄድን። ነዳጅ ሞልታችሁ ግቡበት፤ ብዙ ቤት የለም። ሐምሌ 16 ቀን 1945 በፈረንጆቹ የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ የተሞከረበት ቦታ ከዚህ መንገድ በስተደቡብ ነው፤ መንገድ ዳር ምልክት አለ። ካሪዞዞ ስትቃረቡ ያ ያልኳችሁ ቫሊ ኦፍ ፋየርስ ይመጣል። እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ በስፋት ተዘርግቷል፣ በመካከሉ አጭር የተነጠፈ መንገድ አለ። መተሐራ አጠገብ ፈንታሌ ሥር ያለውን ጥቁር ድንጋይ ያየ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ካርዱ ባይኖረን ይህን ቦታ በእርግጠኝነት አልፈነው እንሄድ ነበር።

ኋይት ሳንድስ ከሁሉም የበለጠብኝ ነው። አሸዋው ጀሶ ነው፤ ነጭ፣ ደቃቅ፣ ዓይን የሚያጭበረብር። ከተራራው ላይ በዝናብ እየተሸረሸረ የሚወርደው ጀሶ ወደ ባሕር የሚወስደው ወንዝ ስለሌለ እዚያው ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ነፋስ ይከምረዋል። እንደ ሌላው አሸዋ ፀሐይ አያግለውም። እማዬ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በባዶ እግሯ ሄደችበት። «ጤፍ ዱቄት ላይ የምሄድ መሰለኝ፤ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ» አለች። ልጆቹ በላስቲክ ሸርተቴ ከክምሩ ላይ ሲንሸራተቱ ዋሉ፤ ሸርተቴውን የፓርኩ ሱቅ ይሸጣል። ጉልበት ለሚያመው የእንጨት ወለል ያለው አጭር መሄጃ አለ። እዚሁ መሬት ላይ ከ21,000 እስከ 23,000 ዓመት የሚገመት የሰው ዱካ ተገኝቶ በ2021 ጥናቱ ታትሟል፤ ከዱካዎቹ የልጆችም አሉበት። በጸደይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ብርቱ ነው፣ መነጽርና ሻሽ ያዙ። ዙሪያው የሚሳይል መሞከሪያ ስለሆነ ሙከራ ባለበት ቀን መንገዱም ፓርኩም ለጥቂት ሰዓት ይዘጋል፤ በማለዳ ድረ ገጹን እዩ።

ከኋይት ሳንድስ ወደ ላስ ክሩሰስ ስትወጡ ዩኤስ 70 ላይ የድንበር ጠባቂ ፍተሻ አለ። ድንበር አላቋረጥንም ብላችሁ አትገረሙ፤ መኪና ሁሉ ይቆማል፣ ዜግነት ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱን ይዞ መገኘት በሕግ ግዴታው ነው። ቤት ትተውት የሚወጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እማዬ ሲኒየር ፓሱንና ግሪን ካርዷን አንድ ላይ አንገቷ ላይ በምታንጠለጥላት ቦርሳ ስለያዘቻቸው ወዲያው አቀበለች፤ ባልደረባው አይቶ በትሕትና አሳለፈን።

ሳዋሮ ፓርክን በአጭሩ። ቱሳን ከተማ በምሥራቅም በምዕራብም አለ፤ ለእኛ የምዕራቡ በቃን። እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋው ቁልቋል በአገራችን ያለውን ይመስላል፤ ዝምድና ግን የላቸውም። የእኛው ሲቆረጥ ወተት የሚያፈስስ ሌላ ዘር ነው። ሳዋሮ የመጀመሪያ ክንዱን ለማውጣት ከ50 እስከ 75 ዓመት ይፈጅበታል። እማዬ ክንድ ያላወጣ አንድ ግንድ አጠገብ ቆማ «ይሄ ታናሼ ነው» ብላ ፎቶ አስነሣች።

አሁን ወደ ካርዱ ጉድለት። ከጠፋ አይተኩላችሁም፤ እንደገና መግዛት ነው። ለዕድሜ ልክ የተሸጠ ነገር ላይ ይህ ደንብ ከባድ ነው፣ በተለይ ለአረጋውያን። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ በስልክ የሚያዝ ዲጂታል ካርድ መጥቷል፤ ለሚረሳ ሰው መፍትሔ ይሆናል፣ ለእማዬ ግን በእጇ የምትይዘው ይሻላታል። በታክሲዬም ልጠቀምበት አልችልም፤ ለግል መኪና ብቻ ነው። ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጣ ወላጅ ሲኒየር ፓስ ማግኘት አይችልም፤ የሚሰጠው ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ነው። ከጥር 2026 ወዲህ በአሜሪካ ነዋሪ ላልሆነ ሰው የዓመቱ ካርድ 250 ዶላር ሆኗል፤ ያለ ዓመታዊ ካርድ ግራንድ ካንየን፣ ዛየንና ብራይስ ካንየንን በመሰሉ 11 ፓርኮች የሚገባ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር ይጨመርበታል። ዘመድ ለማስጎብኘት የምታስቡ ይህን ቀድማችሁ አስሉ። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጣለሁ፤ ግማሿን ያስቀረሁት በዚያ የመጥፋት ደንብ ነው።

ቀጣዩ ዴዝ ቫሊ ነው። ከእኛ ቤት ቅርብ ቢሆንም ክረምቱን ጠብቀን ነው የምንሄደው፤ በ1913 ሐምሌ 56.7 ዲግሪ የተመዘገበበት ቦታ ላይ አሮጊት ይዞ በበጋ አይገባም። እማዬ ወሬውን ለሰንበቴ ጓደኞቿ አውርታላቸው፣ መኪናም የሚነዳላቸው ልጅም የሌላቸው ሁለት እናቶች «ውሰጂን» ብለዋታል። እሺ ብላቸዋለች፤ ከእኔ ጋር አልተማከረችም፣ ማማከርም አልነበረባትም። ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ከጓደኛዬ እየጠየቅሁ ነው።